መጽሐፉ በማን መርከብ መጣ?

ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ድቁና ተቀብለው ያደጉ፣ ዕድሜያቸውን በታሪክ መምህርነት ያሳለፉ ሰው ናቸው። ሁለተኛዋ የቀድሞ ተማሪያቸው ስትሆን ዛሬ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባልና ራሷም መምህርት ናት። የሚነጋገሩት በ19ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ ሥር በነበሩት የኢዮንያ ደሴቶች ስለተሠራው የፕሮቴስታንት ሚሲዮን ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ተማሪ፦ ጋሼ፣ ስለ ኢዮንያ ደሴቶች ሲያወሩ ሁልጊዜ ከእንግሊዝ መድፍ ነው የሚነሡት። ዛሬ ከመጽሐፉ እንነሣ። አይዛክ ላውንደስ የሚባል ሰው የለንደን ሚሲዮናውያን ማኅበር ልኮት በ1810ዎቹ መጨረሻ ወደ ዛኪንቶስ መጣ። መድፍ አልያዘም። ግሪክኛ ተማረ፤ ኋላ ኮርፉ ተቀምጦ ትምህርት ቤቶችን አገዘ፤ በ1837 የዘመኑን ግሪክኛ በእንግሊዝኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት አሳተመ። መጽሐፍ ቅዱስን ገበሬው በሚናገረው ቋንቋ በመተርጎሙ ሥራም እጁ አለበት። እንዲህ ባለ ሰው ላይ ምን ጥፋት ያገኙበታል?

መምህር፦ ሰውዬውን ልከስ አልተነሣሁም፣ ልጄ። እኔን የሚያስጨንቀኝ የደሴቱ ሰው ምን አየ የሚለው ነው። እስቲ የዛኪንቶስ ዘቢብ አምራች ነኝ ብለሽ አስቢ። አባቶችሽን ቬኒስ ገዝታቸዋለች። በ1797 ፈረንሳይ ቬኒስን አፍርሳ መጣች፤ ቀጥሎ ሩሲያና ቱርክ ተባብረው መጡ፤ ከዚያ ፈረንሳይ ተመለሰች፤ በመጨረሻ እንግሊዝ ገባች። በ1815 በፓሪስ ውል ሰባቱ ደሴቶች፣ ኮርፉ፣ ፓክሶስ፣ ሌፍካዳ፣ ኢታካ፣ ኬፋሎንያ፣ ዛኪንቶስና ኪቲራ፣ በስም ነጻ አገር ተባሉ፤ በተግባር ግን የእንግሊዝ ከፍተኛ ኮሚሽነር ያዘዘው የሚሆንባቸው ሆኑ። የመጀመሪያው ኮሚሽነር ቶማስ ሜይትላንድ ነው። ያው ሰው በዚያው ጊዜ የማልታ ገዥ ነበር። የሚሲዮን መጻሕፍት ደግሞ የሚታተሙት ማልታ ነው። መጽሐፉ የሚታተምበትንም ደሴት፣ መጽሐፉ የሚራገፍበትንም ወደብ አንድ ሰው ይገዛል ማለት ነው። አንቺ ዘቢብሽን ጭኖ የሚሄደውን መርከብ ታውቂዋለሽ፤ ወታደር የሚያወርደውን መርከብም ታውቂዋለሽ። መጽሐፉም በዚያው መንገድ ሲመጣ ምን ትያለሽ?

ተማሪ፦ «ምን ይዞ መጣ?» ብዬ ከፍቼ አነበዋለሁ።

መምህር፦ አንቺ ታነቢያለሽ። ማንበብ የሚችለው ግን ስንቱ ነበር?

ተማሪ፦ ትምህርት ቤት የከፈቱትም ለዚህ አይደል? ደግሞስ ሜይትላንድን የሚሲዮን ደጋፊ አድርገው ማቅረብዎ ልክ አይመስለኝም። የ1817ቱ ሕገ መንግሥት የአገሩ ዋና ሃይማኖት የግሪክ ኦርቶዶክስ ነው ብሎ ደንግጓል፤ ይህም የወጣው በሜይትላንድ ዘመን ነው። ማልታ ላይም ቢሆን ለሚሲዮናውያን የማተሚያ ፈቃድ የተሰጣቸው የአገሩን ካቶሊኮች እንዳያውኩ፣ መጽሐፉን እዚያው እንዳይበትኑ ተብሎ ነው። የአሜሪካ ሚሲዮን ቦርድ በ1822 ማተሚያውን ይዞ ማልታ ሲገባም በዚሁ ሁኔታ ነው የገባው። ገዥዎቹ ጸጥታ ነበር የሚፈልጉት።

መምህር፦ እውነትሽን ነው። እንዲያውም ልጨምርልሽ። ኮርፉ ከተማ ውስጥ የቅዱስ ስጲሪዶን ዐፅም አለ። ስጲሪዶን የቆጵሮስ ሰው ነው፤ በ325 በኒቅያ ከተሰበሰቡት፣ እኛ ሠለስቱ ምዕት ብለን ከምናከብራቸው አባቶች ይቆጠራል። ዐፅሙ ከቆጵሮስ ወደ ቁስጥንጥንያ ሄደ፤ ቁስጥንጥንያ በ1453 ከወደቀች በኋላ ኮርፉ ደረሰ። በዓመት አራት ጊዜ በታላቅ ሥርዓት ይወጣል፤ ከረኃብ፣ ከወረርሽኝ፣ በ1716 ደግሞ ከቱርክ ከበባ አድኖናል ብለው ያምናሉና። እንግሊዞች ሲመጡ ይህን በዓል አልነኩትም። ወታደራቸውን አሰልፈው አጀቡት፤ ሹማምንቱም በሰልፉ ተገኙ። ማልታ ላይ ደግሞ በ1824 አቺሰን የሚባል የመድፈኛ መኮንን፣ በካቶሊክ በዓል ላይ የክብር ተኩስ ማሰማት ከእምነቴ ጋር አይሄድም ቢል የጦር ፍርድ ቤት ቀርቦ ከሠራዊቱ ተሰናበተ። ፕሮቴስታንቱ መኮንን በፕሮቴስታንቱ መንግሥት ተቀጣ።

ተማሪ፦ እኔ ልል የነበረውን ተናገሩልኝ።

መምህር፦ ቆይ፣ ገና አልጨረስኩም። ሚሲዮኑን የጎዳው ይኸው ነው እላለሁ። በገዥው ጉልበት እንዳይጠቀም ተከለከለ፤ የገዥው ጥላ ግን እንደወደቀበት ቀረ። ላውንደስን ኮሚሽነሩ ሊረዳው አልፈለገም፤ ገበሬው ግን የኮሚሽነሩ ሰው አድርጎ አየው። ከሁለቱም የተጎዳ ሰው ነው። በጉልበት ሃይማኖት የሚያስቀይር ቢሆን ኖሮ ቢያንስ በምን እንደሚፈረድበት ይታወቅ ነበር። እሱ ግን ልቡ ንጹሕ ሆኖ፣ የጠረጠሩት ሰዎችም ያለ ምክንያት አልጠረጠሩትም። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚከብደኝ።

ተማሪ፦ ጥርጣሬው ግን ከእንግሊዝ በፊት የነበረ ይመስለኛል። ያለበለዚያ እንዲህ ፈጥኖ አይጠነክርም።

መምህር፦ አዎን፤ ከቬኒስ ነው የሚጀምረው። ቬኒስ ኮርፉን ከ1386 ጀምሮ አራት መቶ ዓመት ገዝታለች። በዚያ ሁሉ ዘመን ከተማዋ ውስጥ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ካቶሊክ ነው፤ የኦርቶዶክሱ ሕዝብ ጳጳስ ተከልክሎ በአንድ ሊቀ ካህናት ይመራ ነበር። ሃይማኖቱ ሌላ ከሆነ ገዥ ጋር እንዴት እንደሚኖር የደሴቱ ሕዝብ ጠንቅቆ ተምሯል። ከገዥው ትምህርቱን ይወስዳል፣ ሹመቱን ይወስዳል፣ ልጁን ፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ልኮ ሐኪምና ጠበቃ ያደርጋል፤ ቅዳሴውን ግን አይሰጥም። ሚሲዮናውያኑ የመጡት በዚህ ኑሮ በታሸ ሕዝብ ላይ ነው። «ያልተማረ፣ በካህናት የተታለለ ሕዝብ» መስሏቸው ነበር የመጡት።

ተማሪ፦ ካህናቱ ያልተማሩ ነበሩ የሚለውን እንኳ እርስዎም አይክዱም።

መምህር፦ አልክድም። ብዙዎቹ ማንበብ በጭንቅ ነው የሚችሉት። ይህን የውጭ ሰው ብቻ አይደለም የተናገረው፤ ኦርቶዶክሶቹ ራሳቸው ያዝኑበት ነበር።

ተማሪ፦ እንግዲያው ቋንቋውን ላንሣ። በእነዚያ ደሴቶች ፍርድ ቤቱም ጽሕፈት ቤቱም በጣልያንኛ ነበር የሚሠራው፤ ከቬኒስ የተረፈ ልማድ ነው። ግሪክኛ የመንግሥት ቋንቋ የሆነው በ1850ዎቹ መጀመሪያ ነው። የዛኪንቶሱ ገጣሚ ዲዮኒስዮስ ሶሎሞስ እንኳ፣ ኋላ የግሪክ ብሔራዊ መዝሙር የሆነውን ግጥም የጻፈው ሰው፣ የተማረው በጣልያንኛ ስለሆነ ግሪክኛ መጻፍን ካደገ በኋላ ነው የታገለበት። እንግዲህ መኳንንቱ በጣልያንኛ፣ ኮሚሽነሩ በእንግሊዝኛ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ በጥንቱ ግሪክኛ ሲናገሩ፣ ለገበሬው ልጅ በአፉ በሚናገረው ግሪክኛ መጽሐፍ አትመው የሰጡት እነማን ናቸው? እነዚህ ሚሲዮናውያን ናቸው። ሸሪዳን ዊልሰን ማልታ ተቀምጦ የጆን በንያንን «የክርስቲያን ጉዞ» በዘመኑ ግሪክኛ በ1824 አሳተመ። ለሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት የከፈቱትም እነሱ ናቸው፤ ሴት ልጅ ፊደል ትቁጠር ሲባል ሰው በሚደነግጥበት ዘመን። እኔ ሴት ነኝ፣ ጋሼ። ይህን በቀላሉ አላልፈውም።

መምህር፦ አትለፊው፤ እኔም አላልፈውም። ነገር ግን አብሮ የሚነሣ አንድ ነገር አለ። ደሴቶቹ ላይ እስከ 1848 ድረስ ማተሚያ የነበረው መንግሥት ብቻ ነው። የኬፋሎንያ ሰው ጋዜጣ ላውጣ ቢል አይችልም። የፕሬስ ነጻነት የተፈቀደው በ1848 በኮሚሽነር ሎርድ ሲተን ጊዜ ነው። ተመልከቺ እንግዲህ፤ የአገሩ ሰው ስለ ራሱ አገር አንድ ገጽ ማተም አይፈቀድለትም፤ የውጭ ማኅበር ያተመው ግን በሳጥን በሳጥን ይገባል። መጽሐፉ ወንጌል ቢሆንም፣ መልስ መስጠት ለተከለከለ ሰው የሚነገር ንግግር ንግግር ብቻ አይሆንም። አንዱ እንዲናገር ሌላው እንዲሰማ ተደርጎ የተሠራ ነው።

ተማሪ፦ ይህን አላሰብኩትም ነበር።

መምህር፦ በ1848 በሩ ሲከፈት የታተመው ምንድን ነው? ከግሪክ ጋር እንቀላቀል የሚሉ ጋዜጦች ናቸው። በዓመቱ ኬፋሎንያ ላይ ገበሬው ተነሣ፤ ከመሪዎቹ አንዱ የገጠር ቄስ ነበር። ኮሚሽነር ሄንሪ ዋርድ የጦር አገዛዝ አውጆ 21 ሰው ሰቀለ። ከዚያ በኋላ በደሴቱ ሰው ዘንድ ሃይማኖትህን ጠብቅና አገርህን ጠብቅ የሚለውን ማን ሊለያየው ይችላል?

ተማሪ፦ የእኔ ቁጭት እሱ ነው። ሁለቱ ነገሮች ከተጣበቁ በኋላ ቤተ ክርስቲያኒቱን ከውስጥ የሚወቅስ ልጇም ዕድል አጣ። ኬፋሎንያዊው አንድሬያስ ላስካራቶስ ሚሲዮናዊ አልነበረም። የአገሩን ሰው ልማድና የካህናቱን ጥፋት የሚነቅፍ መጽሐፍ በ1856 አወጣ፤ ወዲያው ተወገዘ። ውግዘቱ የተነሣለት በ1900 ነው፤ በዓመቱ ሞተ። የውጭ ጠላት ስጋት የውስጡን ሐቀኛ አፍ ዘጋው።

መምህር፦ እዚህ ላይ አልከራከርሽም። ወደ ዋናው ሰውዬ እንሂድ ግን። ስለ እሱ ሳንናገር ይህ ታሪክ የእንግሊዝና የቄስ ጠብ ብቻ ይመስላል።

ተማሪ፦ ኔኦፊቶስ ቫምቫስ።

መምህር፦ አዎን፣ ቫምቫስ። የኪዮስ ደሴት ልጅ፣ የኦርቶዶክስ ካህን። ፓሪስ ሄዶ ከታላቁ ሊቅ ከኮራይስ ጋር ሠርቷል፤ ከዚያ ተመልሶ የኪዮስን ትምህርት ቤት ስመ ጥር አደረገው። በ1820 ሁለት አሜሪካውያን ወጣቶች፣ ፕሊኒ ፊስክና ሌቪ ፓርሰንስ፣ ግሪክኛ ሊማሩ መጥተው በሩን አንኳኩ። አስተማራቸው። ሚሲዮናውያኑ የግሪክን ምሥራቅ ሊያስተምሩ መጥተው የመጀመሪያው መምህራቸው የደሴቱ ካህን ሆነ። በዓመቱ የግሪክ አብዮት ፈነዳ፤ ቫምቫስም ከአብዮተኞቹ ጋር ወጣ። በ1822 ኪዮስ በቱርክ ጦር ታረደች፤ የተረፈው ለባርነት ተሸጠ። አገሩ የጠፋበት ካህን መጀመሪያ ኬፋሎንያ፣ ቀጥሎ ኮርፉ ተጠለለ፤ በኢዮንያ አካዳሚም አስተማረ።

ተማሪ፦ ያን አካዳሚ የመሠረተው ደግሞ እንግሊዛዊ ነው።

መምህር፦ ሎርድ ጊልፎርድ። እሱን ደግሞ ልንገርሽ፤ የዚህ ታሪክ ተቃራኒ ነውና። ይህ የእንግሊዝ መኳንንት ልጅ በ1791፣ ገና ወጣት ሳለ፣ ኮርፉ ላይ በድብቅ የኦርቶዶክስ ጥምቀት ተጠመቀ። እንግሊዝ ኮርፉን ከመያዟ ከሃያ ዓመት በላይ ቀድሞ ማለት ነው። ኋላ ገንዘቡንና ዕድሜውን በአካዳሚው ላይ አፍስሶ በ1824 አስከፈተው፤ ለኦርቶዶክስ ካህናት ማሠልጠኛ የሚሆን የነገረ መለኮት ትምህርት አደረገበት። ሚሲዮናውያኑ ብዙ ደክመው ያላገኙትን የሕዝብ ፍቅር ይህ ሰው አገኘ፤ ሐውልቱም ኮርፉ ላይ ቆሞለታል። የመጣው ሊለውጣቸው ሳይሆን ሊቀላቀላቸው ነበር።

ተማሪ፦ እሱን ለመምሰል ግን እምነትን መተው ያስፈልጋል። ላውንደስ በእውነት የሚያምነውን ትቶ ቢጠመቅ ክብር ይሆንለት ነበር? ሰው ያመነበትን ለሌላው መንገሩ ጥፋት አይደለም። እዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር አልስማማም።

መምህር፦ አትስማሚ። እኔም ይተው አላልኩም። ወደ ቫምቫስ ልመለስ። ብሉይ ኪዳንን ወደ ዘመኑ ግሪክኛ ለመተርጎም የብሪታንያና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገንዘብ ሰጠ። የማኅበሩ ወኪል ሊቭስ ሥራውን አስተባበረ፤ ላውንደስ ከዕብራይስጡ ጋር እያስተያየ ረዳ፤ ቫምቫስ ከሌሎች የደሴቶቹ ሊቃውንት ጋር ግሪክኛውን ጻፈ። በ1840 ብሉይ ኪዳኑ ተጠናቀቀ፤ በ1844 አዲስ ኪዳኑ ተከተለ። እንግዲህ ይህን መጽሐፍ የማን እንበለው? የተረጎመው ኦርቶዶክሳዊ ካህን ነው፤ ገንዘቡ የለንደን ነው። እኔ ቫምቫስን የእንግሊዝ መሣሪያ ነበር የሚሉትን አልቀበላቸውም። ወገኑ አምላኩን በሚገባው ቋንቋ እንዲሰማ ከኮራይስ ጀምሮ የያዘው ሐሳብ ነበረው፤ ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ደግሞ ሌላ ቦታ አልነበረም።

ተማሪ፦ ቤተ ክርስቲያኑ ግን ገፋችው።

መምህር፦ መጽሐፉን ገፋችው። የአቴንስ ሲኖዶስ በቤተ ክርስቲያን የሚነበበው ጥንታዊው የግሪክኛ ብሉይ ኪዳን፣ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ብቻ ነው አለ። በ1836 የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ጎርጎርዮስ ስድስተኛ ሚሲዮናውያኑን፣ ትምህርት ቤቶቻቸውንና መጻሕፍታቸውን የሚያወግዝ መልእክት ላከ። ኮንስታንቲኖስ ኢኮኖሞስ የሚባለው ሊቅ የሰብዓ ሊቃናትን ክብር ለመከላከል አራት ትልልቅ ጥራዝ ጻፈ። ይህን አንቺ እንደ ግትርነት ታይው ይሆናል። እኔ ግን በግዕዝ መጽሐፍ ያደግሁ ነኝ፤ የእኛም ብሉይ ኪዳን የተቀዳው ከሰብዓ ሊቃናት ነው። ሐዋርያት የጠቀሱትን፣ አባቶች የተረጎሙትን መጽሐፍ በአንድ ማኅበር ውሳኔ «ወደ ዕብራይስጡ ተመለሱ» ሲሉሽ ጉዳዩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ አይደለም። ጸሎትሽ፣ ቅዳሴሽ፣ ዜማሽ በዚያ ላይ ተሠርቷል። ደግሞ ሲራክ፣ ጦቢት፣ ዮዲት የት ሄዱ? ማኅበሩ በ1826 እነዚያን መጻሕፍት ለሚያትም ሁሉ ገንዘብ አልሰጥም ብሎ ወስኗል።

ተማሪ፦ ይህ እኛም ቤት የደረሰ ነገር መሆኑን ያውቃሉ። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በዚያው መንገድ ነው የመጣው። ዊልያም ጆዌት የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናውያን ማኅበር ሰው ነበር። በ1815 ማልታ ተቀመጠ፤ የኢዮንያን ደሴቶች ዞሮ አይቷል፤ ግብፅም ወርዷል። አቡ ሩሚ የሚባለው ኢትዮጵያዊ ሊቅ ካይሮ ተቀምጦ፣ ከፈረንሳዩ ቆንሲል ከአሰለን ደ ሸርቪል ጋር ዓመታት ደክሞ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር ወደ አማርኛ መለሰ። በ1819 በወረርሽኝ ሞተ። በዓመቱ ጆዌት ያን የእጅ ጽሑፍ ለመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበሩ ገዛው። ወንጌላቱ በ1824 ታተሙ፤ ሙሉው በ1840 ወጣ። የቫምቫስ ብሉይ ኪዳን በተጠናቀቀበት ዓመት፣ በዚያው ማኅበር ገንዘብ፣ በዚያው የማኅበር ሕግ። የግሪኩን ደሴተኛ ታሪክ ሳነብ የራሴን እያነበብኩ የሚመስለኝ ለዚህ ነው።

መምህር፦ አንድ ልዩነት አለው ግን፣ ትልቅ ልዩነት። በ1830 ሳሙኤል ጎባትና ክርስቲያን ኩግለር ያን ወንጌል ይዘው ትግራይ ሲገቡ የተቀበላቸው ደጃዝማች ሰባጋዲስ ነው። ሹሙ የአገሩ ሰው ነው፤ አስገቢውም አስወጪውም እሱ ነው። ጎባት ጎንደር ላይ ከሊቃውንቱ ጋር ተቀምጦ ተከራከረ፤ ሰዎቹ ሲፈልጉ ሰሙት፣ ሲፈልጉ ረቱት። በ1838 ደጃዝማች ውቤ ሚሲዮናውያኑን አስወጣቸው፤ ወጡ። ነገሩ ከፍቶ ቢያልቅም በእኩዮች መካከል የተደረገ ነው። ኮርፉ ላይ ግን «ይውጡልን» ቢባል ለማን ነው አቤት የሚባለው?

ተማሪ፦ ለፓትርያርኩ።

መምህር፦ እሱንም አደረጉት፤ ምን እንደደረሰበት ታውቂያለሽ። ለእኔ የዚህ ታሪክ መራራው ክፍል ይህ ነው። ደሴቶቹ በእንግሊዝ ቢገዙም በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የቁስጥንጥንያ መንበር ልጆች ነበሩ። የእንግሊዝ አስተዳደር የጋብቻን ነገር የሚነካ ሕግ ሲያዘጋጅ ጎርጎርዮስ ስድስተኛ ተቃወመ፤ ለደሴቶቹ ጳጳሳትም ጻፈ። ያን ጊዜ እንግሊዝ «የቱርክ ሱልጣን ተገዥ የሆነ ሰው በእኛ ግዛት ገባብን» አለች። ቁስጥንጥንያ የነበረው አምባሳደሯ ፖንሰንቢ ሱልጣኑን ወጥሮ ያዘ፤ በ1840 መጀመሪያ ፓትርያርኩ ከመንበሩ ወረደ። የሙስሊሙ ንጉሥ በፕሮቴስታንቱ መንግሥት ጥያቄ የኦርቶዶክሱን ፓትርያርክ ሻረ። ዓመቱን አስተውይ፤ ብሉይ ኪዳኑ የተጠናቀቀበት ዓመት ነው። አሁን የደሴቱን ካህን «ይህ መጽሐፍ ከፖለቲካ ነጻ ነው» ብለሽ አሳምኚው።

ተማሪ፦ አላሳምነውም። ፖንሰንቢ ያደረገውን የሚሲዮኑ ሥራ አድርጌ ግን አልቆጥረውም። ሚሲዮናውያኑ ፓትርያርክ ይሻርልን አላሉም።

መምህር፦ እነሱ ቢያዝኑም ባያዝኑም ትርፉን የሚቆጥሩት እነሱ ይመስላሉ። ይህ ነው ያልኩሽ ጥላ።

ተማሪ፦ ትርፍ ካሉ የቱ ትርፍ ነው? በቁጥር ካየነው የደሴቶቹ ሰው ፕሮቴስታንት አልሆነም። ብዙ አሥርት ዓመታት ደክመው የሚጠቀስ ጉባኤ አላቆሙም። ሲጀመር ዓላማቸውም ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ነቅሎ ማውጣት አልነበረም። በተለይ የጆዌት ማኅበር የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ራሳቸውን ከውስጥ እንዲያድሱ ነበር የሚመኘው። ሕዝቡ ምን አደረገ? ልጆቹን ትምህርት ቤት ላከ፤ ታላላቆቹ ታናናሾቹን በሚያስጠኑበት በላንካስተር ዘዴ ፊደል አስቆጠረ፤ መጻሕፍቱን ወሰደ፤ እሑድ ደግሞ ቅዳሴው ሄደ። ቅድም ስለ ቬኒስ የነገሩኝ ማለት ነው። በቆጵሮስም ይኸው ተደገመ። እንግሊዝ ቆጵሮስን በ1878 ከያዘች በኋላ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያኖች በ1908 ላርናካ ላይ ትምህርት ቤት አቆሙ። ትምህርት ቤቱ ተማሪ ሞልቶት ዛሬም አለ፤ የደሴቱ ግሪክ ግን ኦርቶዶክስ እንደሆነ ነው።

መምህር፦ እና ይህን ሽንፈት ትይዋለሽ?

ተማሪ፦ ለላኪዎቹ ሽንፈት ነበር፤ ሪፖርታቸው የሚያዝነው በዚህ ነው። እኔ ግን የላኪዎቹን ሒሳብ የመያዝ ግዴታ የለብኝም። ፊደል የቆጠረችው ልጅ ፊደል ቆጥራለች። ያን ማንም አይወስድባትም፤ ጳጳሱም፣ ኮሚሽነሩም።

መምህር፦ ይህን ጥሩ አልሽ። እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ቁስሉ ሚሲዮናውያኑ ከሄዱ በኋላ እንኳ አልሻረም። የ1844ቱ የግሪክ ሕገ መንግሥት በመጀመሪያው አንቀጹ ሃይማኖት ማስቀየርን ከለከለ፤ ደሴቶቹ በ1864 ከግሪክ ሲቀላቀሉ በዚያው ሕግ ሥር ገቡ። በ1901 አሌክሳንድሮስ ፓሊስ የሚባል ግሪካዊ ወንጌሉን በሕዝቡ ቋንቋ መልሶ በአንድ የአቴንስ ጋዜጣ ማውጣት ሲጀምር ተማሪው አደባባይ ወጣ፤ ስምንት ሰው ሞተ። ፓሊስ ሚሲዮናዊ አልነበረም፤ ገፊውም የውጭ ማኅበር አልነበረም። በ1911 መጽሐፍ ቅዱስን ያለ ቤተ ክርስቲያን ፈቃድ መተርጎም የሚከለክል አንቀጽ ሕገ መንግሥት ውስጥ ገባ። ግሪካዊ ለግሪካዊ በግሪክኛ የሚጽፈው ወንጌል ወንጀል ሊሆን በቃ። ያ ፍርሃት ሲዘራ ገበሬው ብቻውን አልዘራውም፤ ቬኒስ፣ ለንደንና ቁስጥንጥንያ ሁሉም እጃቸውን አስገብተውበታል።

ተማሪ፦ ቤተ ክርስቲያንስ? እጇን አላስገባችም?

መምህር፦ አስገብታለች። የቫምቫስን ሥራ ወስዳ፣ በሰብዓ ሊቃናት አርማ፣ የጎደሉትን መጻሕፍት ጨምራ፣ በራሷ ማኅተም ማውጣት ትችል ነበር። አላደረገችውም። ተጎድቻለሁ ማለት አንድ ነገር ነው፤ ልጆቼ ሳይሰሙ ይቅሩ ማለት ሌላ ነው። ይህን የምልሽ ከቤቷ ውጭ ሆኜ አይደለም።

ተማሪ፦ የቫምቫስ መጽሐፍ ቅዱስ እኮ ዛሬም የግሪክ ወንጌላውያን መጽሐፍ ሆኖ ይነበባል። እሱ ራሱ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ አልወጣም፤ በ1855 እስኪሞት ካህን ነበር፣ የአቴንስ ዩኒቨርሲቲም መምህር ነበር። መጽሐፉን የእሱ ያልሆነች ቤተ ክርስቲያን ተቀበለችው፤ የራሱ ግን መለሰችው። ጋሼ፣ እስቲ በእሱ ቦታ ይሁኑ። ኪዮስ ወድማለች፤ ሕዝቡ አያነብም፤ ቤተ ክርስቲያንዎ ገንዘብ የላትም፤ የለንደኑ ወኪል ገንዘብ ይዞ መጥቷል። ማተሚያ ነጻ እስኪሆን፣ እስከ 1848 ይጠብቃሉ? እስከዚያ ዕድሜዎ ከሰባ ያልፋል።

መምህር፦ አልጠብቅም ነበር። ገንዘቡን እወስድ ነበር።

ተማሪ፦ ከወሰዱ በኋላስ?

መምህር፦ ሲራክንና ጦቢትን አስገባበት ነበር።

ተማሪ፦ ያን ቢያደርጉ ገንዘቡን አይሰጡዎትም።

መምህር፦ አይሰጡኝም። መጽሐፉ የእኔ ወይስ የእነሱ እንደሆነ የምናውቀው በዚያ ነበር።

ተማሪ፦ የገበሬው ልጅ ደግሞ ሌላ ሠላሳ ዓመት ሳታነብ ትኖር ነበር። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ሲራክን ለጊዜው ትቼ መዝሙረ ዳዊቱን አሳትምላት ነበር። ቫምቫስም ያደረገው ይህንኑ ይመስለኛል፣ ዋጋውን እያወቀ።